የቆዩ የብሪታንያ ፊልሞች በብሉሬይ፦ ከየካ አባዶ ሆኖ ለሚያያቸው ያዋጣሉ?

ብሪታንያ ውስጥ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ ፊልሞች ከጥንት ኔጋቲቫቸው (ካሜራው ውስጥ ሆኖ ከተቀረጸው የመጀመሪያ ፊልም) እንደገና እየተገለበጡና እየታደሱ፣ ከዲቪዲ ቀጥሎ በመጣው ባለ ከፍተኛ ጥራት የብሉሬይ ዲስክ መውጣት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ጋ ግን፣ በተለይ እንደ የካ አባዶ ባለ የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ስለ እነዚህ ዲስኮች የሚያወራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የድሮ ፊልም የሚወድ ሰው ወይ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ የደበዘዘ ቅጂ ያያል፣ ወይ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር የኖረ ፋይል ከጓደኛው ይቀበላል፤ ዲስክ መግዛት ከቪዲዮ ቤቶች ጋር አብሮ የቀረ ልማድ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ግምገማ የጻፍኩት ዲስኮቹን በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ፣ በ43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ መብራት በፈቀደልኝ መጠን ካየሁ በኋላ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሽፋኑ ላይ «ከፍተኛ ጥራት» ተብሎ መታተሙ ብቻውን ለገዢ የሚነግረው ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት ፊልሙ ከምን ተገለበጠ፣ ማንስ አደሰው የሚለው ነው። ከኔጋቲቩ ወይም ለኔጋቲቩ ቅርብ ከሆነ ቅጂ ተነሥቶ በትዕግሥት የታደሰ ፊልም ከውጭ ለማስመጣት የሚወጣውን ወጪ ሁሉ ይክሳል፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ከተዘጋጀ አሮጌ የቪዲዮ ቅጂ ተለጥጦ የወጣ ከሆነ ግን በነጻ ከሚገኘው የሚበልጠው በሽፋኑ ብቻ ነው።

ከፊልሞቹ በፊት ስለ ማጫወቻው ማንሣት ግድ ይላል፤ ዲስኩ የሚያልፍበት ማሽን ከሌለ የቀረው ወሬ ነውና። በዲቪዲ ዘመን ዓለም በቀጠና ተከፋፍላ ነበር። ብሪታንያ ቀጠና 2 ውስጥ ስትሆን ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከሕንድ ጋር ቀጠና 5 ውስጥ ተመድባ ስለነበር፣ ከለንደን በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዲቪዲ ለእኛ ቀጠና በተሠራ ማጫወቻ ላይ አልሠራም ማለቱ የታወቀ ነበር። በ2006 ገበያ ላይ የዋለው ብሉሬይ ግን ቀጠናዎቹን ወደ ሦስት አወረዳቸው፤ በዚህም አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ፣ አውስትራሊያና አፍሪካ አንድ ላይ ቀጠና ቢ ውስጥ ገቡ። ስለዚህ ለንደን የተገዛ የብሪታንያ ብሉሬይ ለእኛ ቀጠና በተሠራ ማጫወቻ ያለ ምንም መላ ይሠራል። በአንጻሩ ከአሜሪካ የሚመጣው ቀጠና ኤ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን የሚመጣለት ሰው ዲስክ ከማዘዙ በፊት ይህን ቢያረጋግጥ ይሻላል፤ የብሪታንያ ፊልሞችን በጥራት የሚያወጡ የአሜሪካ አሳታሚዎች ቢኖሩም ብዙዎቹ ዲስኮቻቸው በቀጠና የተቆለፉ ናቸው።

ራሱን የቻለ የብሉሬይ ማጫወቻ እኛ አካባቢ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሲሸጥ አላየሁም። መርካቶና ቦሌ ዙሪያ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። የሚያዋጣው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ወይም 4 መግዛት ነው፤ ሁለቱም ብሉሬይ ያጫውታሉ። እኔ የገዛሁት እዚያው ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለ የጌም ቤት ሲሆን፣ የሸጠልኝ ወጣት ዲስኩን ከቦርሳዬ ሳወጣ አይቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጌም ማሽን ነው፣ ፊልም ከፈለጉ ፍላሽ ላይ ልጫንልዎት» አለኝ። እዚያው ላሞክር ብዬ ዲስኩን ሳስገባው፣ እግር ኳስ ጨዋታ ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች በጥቁርና ነጭ ምስል ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ኮንሶሉ ከየት እንደመጣ ይጠየቅ፤ ለዱባይ ወይም ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ ቀጠና ቢ ነው፣ ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ የብሪታንያ ዲስክ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ብሉሬይ ማጫወት የሚጀምረው አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ሲፈቀድለት በመሆኑ፣ ክፍያው ሳይጠናቀቅ ሻጩ ጋ እያሉ ይህን ማስጨረስ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምስሉ። በአውሮፓ የተለመደው ዲቪዲ እያንዳንዱን ምስል በ720 በ576 ነጥቦች ይይዛል፤ ብሉሬይ በ1920 በ1080። ይህ አምስት እጥፍ ነው። ባለ ሁለት ድርብ ብሉሬይ ዲስክ 50 ጊጋባይት ስለሚይዝ ምስሉ ብዙ ሳይጨመቅ ይቀመጣል፤ የቪዲዮው ፍሰት በሴኮንድ እስከ 40 ሜጋቢት መድረስ ይችላል፣ በኢንተርኔት የሚተላለፉ የፊልም አገልግሎቶች ግን ለዚሁ መጠን ምስል ከ5 ሜጋቢት ጀምሮ ይበቃናል ይላሉ። እኛ ሰፈር ደግሞ 5 ሜጋቢቱም ማታ ማታ የሚለምኑት ነገር ነው።

ከነጥቦቹ ብዛት ይልቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት በፍጥነቱ ላይ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ምስል ነው። የአውሮፓ ዲቪዲ በሴኮንድ 25 ምስል ስለሚያሳይ፣ ፊልሙ በ4 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይሮጣል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ያጥራል፣ ካልተስተካከለም የተዋንያኑ ድምፅና ሙዚቃው ከተቀረጸበት ቃና ከፍ ብሎ ይሰማል። ብሉሬይ በ24ቱ ያጫውታል። ሙዚቃ ዋና ገጸ ባሕርይ በሆነበት ፊልም ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ዘ ሬድ ሹዝ» የተባለውን ፊልም በቅድሚያ የማነሣበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ዘ ሬድ ሹዝ»ን በ1948 ያቀረቡት ማይክል ፖውልና ኤመሪክ ፕረስበርገር ናቸው፤ ካሜራውን የመራው ጃክ ካርዲፍ ነው፤ ዋናዋን ዳንሰኛ የምትጫወተው ሞይራ ሺረር በሙያዋ የባሌ ዳንሰኛ ነበረች። ፊልሙ የተቀረጸው በቴክኒከለር ነው፤ አሠራሩን ማወቅ የዲስኩን ዋጋ ለመረዳት ይጠቅማል። የቴክኒከለር ካሜራ ባለ ቀለም ፊልም አልነበረውም። በሌንሱ የሚገባው ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም ተከፍሎ በሦስት የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ በአንድ ጊዜ ያርፋል፤ አንዱ የቀዩን፣ ሌላው የአረንጓዴውን፣ ሦስተኛው የሰማያዊውን ብርሃን ይመዘግባል። ቀለሙ የሚወለደው በኋላ፣ ሦስቱ መዝገቦች ለሕትመት በማቅለሚያ ተነክረው በአንድ ፊልም ላይ እርስ በርስ ሲደራረቡ ነው። ካሜራው ግዙፍና ከባድ ነበር፤ ብርሃን ስለሚፈልግም ስቱዲዮው በመብራት ይግል ነበር። ጥቅሙ ግን ረጅም ዕድሜ ነው፤ ኔጋቲቮቹ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ በኋላ እንደመጡት ባለ ቀለም ፊልሞች ቀለማቸው አይለቅም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። ሦስቱ ፊልሞች ባለፉት አሥርት ዓመታት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መጠን ስለተኮማተሩ፣ ዛሬ ሲደራረቡ ጠርዝ ለጠርዝ አይገጥሙም፤ በተዋናይዋ ትከሻ ዙሪያ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥላ ይወጣል። በዚህ ላይ የ«ዘ ሬድ ሹዝ» ኔጋቲቮች ሻግተው ነበር። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት ከአሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ከማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ሦስቱን ፊልሞች ለየብቻቸው በ4ኬ (ከብሉሬይ አራት እጥፍ በሚሆን የነጥብ ብዛት) ስካን አድርጎ፣ በኮምፒውተር እንደገና አገጣጥሞ፣ ሻጋታውን ከእያንዳንዱ ምስል ላይ አጽድቶ በ2009 በካን ፌስቲቫል አሳየው። የፖውል ባለቤት የነበረችውና የስኮርሴዚ የአርትኦት ባለሙያ የሆነችው ቴልማ ስኩንሜከርም በሥራው ውስጥ እጇ አለበት። ዛሬ የሚሸጡት ብሉሬዮች ከዚህ እድሳት የተቀዱ ናቸው።

ውጤቱን በሁለት ትዕይንቶች ላሳይ። በመጀመሪያው የፊልሙ ዋና ዳንሰኛ ቪኪ ትንሽ ቲያትር ቤት ውስጥ «ስዋን ሌክ»ን እየደነሰች በፍጥነት ትሽከረከራለች፤ ካሜራው አንዴ አዳራሹ በዓይኗ ሲዞር፣ አንዴ ደግሞ ፊቷን ከቅርብ ያሳየናል። በዩቲዩቡ ቅጂ ፊቷ ነጭና ቀይ ጠብታ ነው። በብሉሬዩ ከመድረክ ርቆ ለተቀመጠ ተመልካች ተብሎ የተቀባው ወፍራም ሜካፕ ከላቧ ጋር ሲንሸራተት፣ ከዐይኗ ዳር የተሰመረው ጥቁር መሥመርና ቀዩ ነጥብ እስኪለይ ድረስ ይታያል፤ የዳንሰኛዋ ድካም የሚገባን ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ባሕር መሳይ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ትንሽ ዘውድ ደፍታ፣ አረም የወረረውን ረጅም የድንጋይ ደረጃ ትወጣለች። የቀሚሱ አረንጓዴና የአረሙ አረንጓዴ በአሮጌ ቅጂዎች አንድ ላይ ይዋሐዳሉ፤ እዚህ አንዱ ከሐር፣ ሌላው ከቅጠል መሆኑ ለዓይን ግልጽ ነው። በባሌው ክፍል ነፋስ የሚያንከራትተው ጋዜጣ ሰው ሆኖ ሲደንስ የጋዜጣው ፊደል በልብሱ ላይ ይነበባል ማለት ይቻላል። ፊልሙ ለሥነ ጥበብ ዝግጅቱና ለሙዚቃው ኦስካር አግኝቷል፤ ዲስኩ ለሁለቱም ይታመናል።

የፖውልና የፕረስበርገር ሌላ ሥራ የሆነው «ብላክ ናርሲሰስ» ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1947 የወጣ ነው። ታሪኩ በሂማላያ ገደል አፋፍ ላይ ባለ አሮጌ ቤተ መንግሥት ገዳም ስለሚከፍቱ መነኮሳት ነው፤ ሂማላያው ግን እንግሊዝ አገር ፓይንውድ ስቱዲዮ ውስጥ በሥዕልና በግንባታ የተፈጠረ ነው። ከፍተኛ ጥራት እዚህ ላይ ሁለት ስለት አለው። ገደሉ ሥዕል መሆኑ ከዲቪዲው ይልቅ በግልጽ ይታወቃል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልስማማም፤ ካርዲፍ ያበራው ብርሃን በሥዕሉ ላይም በተዋንያኑም ላይ አንድ ስለሆነ ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ካርዲፍ በዚህ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል።

ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በተመለከተ የሰው ግምት «ቀለም ለሌለው ፊልም ይህ ሁሉ ጥራት ምን ያደርጋል» የሚል ነው። የካሮል ሪድ «ዘ ሰርድ ማን» መልስ ይሰጣል። በ1949 የተሠራው ይህ ፊልም ከጦርነቱ በኋላ በአራት ኃያላን ተከፋፍላ የነበረችውን ቪየናን መድረኩ ያደርጋል፤ ጽሑፉ የግራሃም ግሪን ነው፤ የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት በ1999 ባወጣው የምዕተ ዓመቱ ምርጥ 100 የብሪታንያ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ ወጥቷል። የካሜራ ባለሙያው ሮበርት ክራስከር ሌሊቱን የቀረጸው የኮብልስቶን መንገዶችን ውኃ እያስረጨ ነው። እርጥቡ ድንጋይ ከመብራቱ በተቃራኒ ሲያበራ ከጥቁሩ እስከ ነጩ ያለው መሸጋገሪያ ሁሉ ይጠበቃል፤ በተጨመቀ ቅጂ ጥቁሩ ክፍል ወደ ካሬ ካሬ ይበታተናል፣ በብሉሬዩ ግን በጨለማው ውስጥ ግድግዳው፣ ቧንቧውና የበሩ እንጨት ይለያሉ። ኦርሰን ዌልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ የሚልበት ትዕይንት ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። በጨለማ በር ላይ መጀመሪያ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው፤ ድመቷ ጫማው ላይ ትታሻለች፤ ከላይ ከመስኮት መብራት ሲበራ ፊቱ ይወጣል። መብራቱ ገና ሳይበራ በሩ ውስጥ ሰው መኖሩን መጠርጠር መቻል አለብን፤ በፍላሽ ላይ ባለው ቅጂ ግን ያለው ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነው። ፊልሙ በ2015 በ4ኬ ታድሶ ወጥቷል፤ ሲገዙ ከዚያ ወዲህ የወጣውን መምረጥ ተገቢ ነው። የርዝመቱም ነገር ይታይ፤ የብሪታንያው ቅጂ 104 ደቂቃ ሲሆን ለአሜሪካ ተቆርጦ የነበረው ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ያንሳል።

እዚህ ላይ ስለ ቅንጣት መናገር አለብኝ። ፊልም የተሠራው ከብር ቅንጣቶች በመሆኑ፣ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ጸጥ ያለ ሰማይ ወይም ግድግዳ ሲታይ በላዩ የሚንቀሳቀስ ስስ ብናኝ ይኖራል። ቤቴ የመጣ ጎረቤት «ይሄ ነገር ጥራት አለው ስትል አልነበር? ምነው አቧራ አለበት?» ብሎኝ ያውቃል። አቧራ አይደለም፤ ምስሉ ራሱ ነው፤ የፊት መጨማደድና የጨርቅ ሸካራነት የሚመዘገበው በእነዚህ ቅንጣቶች ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ግን የጎረቤቴን ዓይነት ቅሬታ ፈርተው ቅንጣቱን በኮምፒውተር ይጠርጉታል፤ አብሮም ዝርዝሩ ይሄዳል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አሳታሚ ያወጣው የ1950ዎቹ ፊልም በእጄ ገብቶ ነበር፤ ተዋንያኑ ሁሉ እንደ ሰም የተለሰኑ ይመስላሉ፣ የአንድ ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ግንባር ሕፃን ልጅ ያስመስለዋል፤ ከዚያ ደግሞ የጠፋውን ጥራት ለመመለስ በየዕቃው ጠርዝ ነጭ መስመር ተጨምሮበታል። ሽፋኑ ላይ «በዲጂታል የታደሰ» ይላል። ስለዚህ ቃል አይታመን፤ የዲስኩን የምስል ናሙና የሚያሳዩ ገምጋሚዎች ስላሉ ከመግዛት በፊት ሁለት ሦስት ምስል አይቶ መወሰን ይበጃል።

ቴሌቪዥኑም የራሱን ጥፋት ይጨምራል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩ ፊልሞች ምስላቸው ወደ ካሬ የሚጠጋ ስለሆነ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍት ቦታ መኖሩ ትክክል ነው፤ «ስክሪኑ ይሙላ» ብሎ በሪሞት መለጠጥ ሰዎቹን አሳጥሮ ያወፍራል። የምስል ምርጫውንም ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» መቀየር፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የካርዲፍ ብርሃን የሠርግ ቪዲዮ ይሆናል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። የዴቪድ ሊን «ብሪፍ ኢንካውንተር» (1945) የብሪታንያ የፊልም ኢንስቲትዩት ቤተ መዛግብት የሊንን የመጀመሪያ ዘመን ፊልሞች በ2008 ሲያድስ ከታደሱት አንዱ ነው፤ በካርንፎርዝ ባቡር ጣቢያ የተቀረጸው የሌሊት እንፋሎት በብሉሬይ እጅግ ያምራል፣ የራክማኒኖቭ ፒያኖም ያለ ጩኸት ይሰማል። የኢሊንግ ስቱዲዮ ኮሜዲዎች፣ ለምሳሌ አሌክ ጊነስ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ስምንት አባላትን ብቻውን የሚጫወትበት «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» (1949)፣ ምስላቸው ደህና ነው፤ ቀልዳቸው ግን በንግግር ላይ ስለሆነ ከዲቪዲ ወደ ብሉሬይ መሸጋገሩ ብዙም አይጨምርላቸውም። የሚገርመው፣ የኢሊንግም ሆነ የ«ዘ ሰርድ ማን» መብት ዛሬ የተያዘው ስቱዲዮካናል በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው።

«ሎረንስ ኦቭ አረቢያ» (1962) ግን ሌላ ደረጃ ነው። የተቀረጸው ከተለመደው ፊልም ሁለት እጥፍ ገደማ በሚሰፋ በ65 ሚሊ ሜትር ኔጋቲቭ ላይ ሲሆን፣ ለ50ኛ ዓመቱ በ2012 ሲታደስ ኔጋቲቩ በ8ኬ ስካን ተደርጓል። በበረሃው ሙቀት ምክንያት በፊልሙ ላይ የተፈጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች አንድ በአንድ ተሞልተዋል። ከአድማስ ላይ ነጥብ ሆኖ የሚጀምረው ግመለኛ ገና ነጥብ ሳለ የሚታየው በእንዲህ ዓይነት ዲስክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይታሰብበት፦ ፊልሙ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ አራት ሰዓት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ማምሸት ዕድል ነው። ብዙ ብሉሬዮች መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆሙበት አይቀጥሉም፤ ከአሳታሚው ዓርማ ጀምረው፣ መዝለል የማይቻለውን የሕግ ማስጠንቀቂያ በየቋንቋው አሳይተው ነው ወደ ማውጫ የሚወስዱን። የደረሱበትን ምዕራፍ በወረቀት መያዝ ይጠቅማል። ስታብላይዘርም ግድ ነው፤ የኮንሶሉ የሌዘር ክፍል ሲበላሽ መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም።

ድምፁን በተመለከተ ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። ከ«ሎረንስ ኦቭ አረቢያ» በቀር እነዚህ ፊልሞች ሲሠሩ ድምፃቸው አንድ ነጠላ መስመር ነበር፤ ጥሩ ዲስክ ያንኑ ነጠላ ድምፅ ሳይጨምቅ ያቀርባል፣ ለዚህ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ወይም ተራ ሳውንድባር ይበቃል። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የለም። በቃና ቴሌቪዥን የአማርኛ ድምፅ የለመደ ቤተሰብ ለዚህ ይከፋ ይሆናል። አብዛኞቹ ግን መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ አላቸው፤ የ1940ዎቹ የእንግሊዝ መኳንንት አነጋገር ለጆሮ ስለሚከብድ ይህ ጽሑፍ ለእኛ ዋነኛ ጥቅም ነው። ሲገዙ መኖሩን ያረጋግጡ፤ በርካሽ የሚወጡ አንዳንድ ዲስኮች አያካትቱትም። ከተጨማሪዎቹ መካከል የእድሳቱን ሂደት የሚያሳዩት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ሊታዩ ይገባል፤ ሻጋታ የበላው ምስልና የታደሰው ጎን ለጎን ሲቀርቡ ገንዘቡ የት እንደገባ ይታያል። የታሪክ ምሁራን ፊልሙ ላይ የሚሰጡት የድምፅ ማብራሪያ ለተማሪዎች ይሆናል፣ ለሌላው ግን ረጅም ነው።

ዋጋው ብሪታንያ ውስጥ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ፓውንድ ባለው መካከል ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለደመወዝተኛ ቀላል ወጪ አይደለም፤ በፖስታ ማስመጣትም የማጓጓዣውንና የቀረጡን ጣጣ ይጨምራል። ስለዚህ ከለንደን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስላክ ይመረጣል፤ ዲስክ ቀላል ነውና ማንም እሺ ይላል። የፕላስቲክ ካርቶኑ ግን በሻንጣ ይሰበራል፤ ዲስኮቹንና የሽፋን ወረቀቱን ብቻ በስስ ከረጢት ማምጣት ቦታም ይቆጥባል። ያገለገለ ዲስክም አይናቅ፤ ብሉሬይ ከዲቪዲ ይልቅ ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ሽፋን አለው። አቧራችን ግን ብርቱ ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከተጫወተ በኋላም ወደ ካርቶኑ ወይም ወደ ከረጢቱ መመለስ ያስፈልጋል።

መግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ብዙ ቢዘገይ አይመከርም። ብዙ ያልታወቁ የብሪታንያ ፊልሞችን ያወጣ የነበረው ኔትወርክ የተባለው ኩባንያ በ2023 ተዘግቷል፤ እንዲህ ዓይነት አሳታሚ ሲዘጋ ያሳተማቸው ዲስኮች ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ብቻ ይቀራሉ። በ4ኬ ዲስክ የወጡትን፣ «ዘ ሬድ ሹዝ»ንና «ሎረንስ ኦቭ አረቢያ»ን ጨምሮ፣ ለጊዜው መተው ይቻላል። 4ኬ ዲስክ የቀጠና ቁልፍ የለውም፣ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፕሌይስቴሽን 3ም ሆነ 4 አያጫውተውም፣ በ43 ኢንች ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰውም የሚያስከፍለውን ያህል አይታየውም።

ለአንድ ዲስክ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያለው «ዘ ሬድ ሹዝ»ን፣ ለሁለት የሚበቃ ያለው «ዘ ሰርድ ማን»ን ይጨምር። ቴሌቪዥኑ 32 ኢንች ወይም ከዚያ በታች ለሆነ ቤት ግን የኢሊንጎቹን በዲቪዲ መግዛት ያዋጣል፤ በዚያ መጠን ልዩነቱ ከወጪው ያንሳል፣ የቀጠና 2 ዲቪዲ የሚቀበል ማጫወቻ መኖሩን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው።